ጥቆማ፦ ለቨርችዋል ማሽን የሚሆን የስልክ መስመር ካርድ

ማሂ፦ ሰላም ወገኖች። ፕሮክስሞክስ (ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር፣ የሚያሠራ ሲስተም) ላይ አስተሪስክ (የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር) ላሠራ ነው። ባለ 4 የስልክ መስመር የድሮ ፒሲአይ (ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ) ካርድ አለኝ። ለቨርችዋል ማሽኑ ስሰጠው ማሽኑ አልነሳም አለ። ሳየው ካርዱና ዩኤስቢው ሁለቱም ኢንተራፕት (ዕቃው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ቁጥር 16 ላይ ናቸው። ምን ካርድ ልግዛ? አዲስ አበባ የት አገኛለሁ?

የመርካቶ ልጅ፦ እኔ የምገዛበት ሱቅ ልውሰድሽ። አንድም ቀን አላሳፈሩኝም።

ቤቲ፦ ሱቅ ሲባል ተጠንቀቂ። እኔ አዲስ ነው ተብዬ የኔትወርክ ካርድ ገዛሁ። በፌስታል ነው የሰጡኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ጥርሶቹ ተፍቀዋል፣ የብሎኑ ቦታ ዝጓል። ልመልስ ብል «ከወጣ አይመለስም» አሉኝ።

ዳኒ፦ የት ነው? ስሙን ጥሪው።

ቤቲ፦ ስም አልጠራም። ግን ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

የመርካቶ ልጅ፦ የኔዎቹ እንደዚያ አያደርጉም!

ሊኑ፦ ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ኢንተራፕት ነው። እናንተ የሱቅ ለቅሶ ተቀምጣችኋል።

ዳኒ፦ እኔ ግራፊክስ ካርድ ለዊንዶውስ ቨርችዋል ማሽን ሰጥቼ የኤችዲኤምአይ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር) ላይ ኤምኤስአይ (ያለ መስመር የሚላክ ኢንተራፕት) ሳበራው ጠራ።

ሊኑ፦ ማሂ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ይህን እዪ። የድሮው ፒሲአይ 4 የኢንተራፕት መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ዕቃዎች ይጋሩታል። መስመሩ ሲጮህ ሊኑክስ የማን ጩኸት እንደሆነ ለይቶ የካርዱን አፍ ለጊዜው መዝጋት አለበት። የፒሲአይ ደንብ ስሪት 2.3ን የሚከተል ካርድ ለዚህ የሚሆን ቢት (ማብሪያ ማጥፊያ) አለው። ያንቺ ከሌለው ቪኤፍአይኦ (ዕቃን ለቨርችዋል ማሽን የሚያስረክበው የሊኑክስ ክፍል) መስመሩን ለብቻው ይፈልጋል፤ ዩኤስቢው ስለያዘው ይከለከላል። መጀመሪያ ስሎት (ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ) ቀይሪ። ስትገዢ ግን ኤምኤስአይ ያለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ከፒሲአይ በኋላ የመጣው ዓይነት) ይሁን። ኤምኤስአይ ሜሞሪ ላይ በመጻፍ ስለሚያሳውቅ የሚጋራው መስመር የለም። ድራይቨሩም ሊያበራው ይገባል፣ ይህን አትርሺ።

ሰላም፦ ካርድ ለምን አስፈለገ? ግራንድስትሪም ጂኤክስደብሊው 4104 የሚባለው ሳጥን 4 የስልክ መስመር ይቀበላል። በኔትወርክ ገመድ ስለሚገናኝ ለቪኤሙ (ለቨርችዋል ማሽኑ) የምትሰጪው ዕቃ አይኖርም።

ማሂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስሎት ቀየርኩ። አሁን 17 ላይ ነው፣ ከሳውንድ ካርዱ ጋር!

ሊኑ፦ ሰርቨር ላይ ሳውንድ ምን ያደርግልሻል? ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ገብተሽ አጥፊውና ቪኤሙን እንደገና አስነሺ።

የመርካቶ ልጅ፦ ሱቁ ቅዳሜም ክፍት ነው።

ሰላም፦ ማሂ፣ በመጨረሻ ምን አደረግሽ? እኔም ያው ዓይነት ካርድ አለኝ።