አማቴ ነገ ይመጣሉ፣ ሳሎኔ ሻጋታ ሻጋታ ይላል! (ደሴ)

የሆጤዋ፦ እባካችሁ ቶሎ! አማቴ ነገ ከሰዓት ከኮምቦልቻ ይመጣሉ፣ ሳምንት ይቀመጣሉ። ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል። ባለፈው ሳምንት ቀለም አስቀብቼው ነበር፤ ዛሬ ሶፋውን ሳብ ሳደርገው ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተጠቅልሎ ወረደ፣ ከሥሩ ያው ጥቁር ነጠብጣብ። ከጠዋት ጀምሮ እጣን እያጨስኩ ነው፤ አሁን ቤቱ የሻጋታም የእጣንም ሆነ። እሳቸው ቤት ገብተሽ ቁጭ ስትዪ ጫማሽን ሳታወልቂ እንቅልፍ ይወስድሻል። እኔ ጋ ግን ሰው ተረጋግቶ አይቀመጥም። እስከ ነገ ምን ላድርግ?

እንዲያው ልየው፦ እጣን ጨምሪበት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ አማት ሳምንት ሊቀመጡ መጥተው ስለ መረጋጋት ታወሪያለሽ? ሃሃሃ

ጋሽ ግንበኛ፦ ልጄ፣ ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት? ዋናውን ትተሽ ነው የጠየቅሽው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ከግድግዳ አይላቀቅም። ድሮ ጭቃ ቤት በኖራ ነበር የሚቀባው፣ ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። ዛሬ ሁሉም ፕላስቲክ ቀለም ብሎ ቀረ። እርጥብ ግድግዳ ላይ እሱን መቀባት እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ መቋጠር ማለት ነው። አሸንዳውስ ደህና ነው? የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚወርድ ከሆነ ቀለም ሻጩን ብቻ ነው የምታበለጽጊው።

የሆጤዋ፦ ጭቃ ነው ጋሼ። ኪራይ ነው። አከራዬ አሸንዳውን «ከክረምት በኋላ» ብለውኛል፤ እንዲህ ሲሉኝ ይሄ ሦስተኛ ክረምት ነው።

ከቦርከና ማዶ፦ እኔ ጥያቄሽ ራሱ አልተዋጠልኝም። ወሎ ውስጥ እንግዳ ግድግዳ ሊቆጥር ነው እንዴ የሚመጣው? ቡናሽን አፍዪ፣ ከአቦል እስከ በረካ አጠገባቸው ቁጭ በዪ፣ ስልክሽን ወዲያ አድርጊ። የኔ እናት ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ሰው ግን ሲመሽ እንኳ «ልሂድ» አይልም ነበር።

የሆጤዋ፦ ቡናውማ ይፈላል። አስም አለባቸው እኮ፣ የጨነቀኝ ለዛ ነው።

ሲስተር፦ ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን?! እጣኑን አሁኑኑ አጥፊ፣ ወገርትም እንዳታጨሺ። ነገ ከሰሉን ውጪ አቀጣጥለሽ፣ ጭሱ ሲያልቅ አስገቢ፤ በሩንም ክፍት ተዪው፣ የከሰል ጋዝ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ጥቁሩን በደረቁ አትፈግፍጊው፣ ብናኙ ይነሳል። አንድ ኩባያ በረኪና በ10 ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ፣ ጨርቁን ጥሩ አድርገሽ ጨምቀሽ ጥረጊው፤ ጭቃ ስለሆነ ውሃ እንዳይጠጣ። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ መስኮት ክፈቺ። ከኮምጣጤም ከሽንት ቤት አሲድም ጋር እንዳትቀላቅዪው። ዛሬውኑ ጨርሺ፣ የበረኪናው ሽታም ለአስም አይሆንም።

እንዲያው ልየው፦ ሰንደሉን ሞክሪው፣ ጭሱ ቀለል ይላል።

ሲስተር፦ አንተ ሰውዬ!

ባለ አምፖሉ፦ አብሽሪ እህቴ። «ሰው ተረጋግቶ አይቀመጥም» ያልሽው አምፖልሽ ነጩ ስለሆነ ይሆናል፣ ካርቶኑ ላይ 6500 የሚለው። እሱ ማታ ማታ ሳሎንን የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስለዋል። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዢ፣ ቢጫማ ነው። ከጣሪያው ይልቅ ጥግ ላይ ዝቅ አድርገሽ ብታበሪው ደግሞ ግድግዳውም ያን ያህል አይታይም።

ጋሽ ግንበኛ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ልብስ የት ነው የምታሰጪው?

የሆጤዋ፦ ሳሎን ነዋ ጋሼ፣ በነሐሴ ሌላ የት ይሰጣል? የሕፃኑ ልብስ በየቀኑ ነው የሚታጠበው፣ ገመዱ ከሶፋው በላይ ነው።

ጋሽ ግንበኛ፦ በይ ተገኘ! ያ ሁሉ ውሃ የት የሚገባ መሰለሽ? ገመዱን በረንዳ ላይ ከጣሪያው ሥር ዘርጊው። ሶፋውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂ። ረፋዱ ላይ ጉሙ ገለጥ ሲል በርና መስኮቱን ፊት ለፊት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት አስነፍሺው። ቀለሙን እስከ ጥቅምት እንዳትነኪው፣ ግድግዳው መጀመሪያ ይድረቅ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦ አከራዩም እስከ ጥቅምት ይደርቁ ይሆናል።

የሆጤዋ፦ ገመዱን ፈታሁት። በረኪና ልገዛ ወጣሁ፣ እመለሳለሁ።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ከ4 ቀን በኋላ)፦ እሺ፣ አማት ገቡ?

ከቦርከና ማዶ፦ በረካ ላይ ናቸው መሰለኝ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ያንን 3000 የሚለውን አምፖል ፒያሳ ዞሬ አጣሁት። ያለበትን የሚያውቅ አለ?

እንዲያው ልየው፦ እጣን ቤቱ አጠገብ።