ለሁለት ፍሬ ፐርኮሴት ፕሮቤሽን፦ እንቀበል ወይስ ይቅር?

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ወገኖቼ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግሪን ካርድ ነው ያለው። እዚህ ቨርጂኒያ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ሲፈትሸው ኪሱ ውስጥ ሁለት ፍሬ ፐርኮሴት (ኦፒዮይድ ያለበት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ተገኘ። የሐኪም ማዘዣ የለውም፤ ጥርሱን ሲያመው ጓደኛው የሰጠው ነው። ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው፣ እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል ሲባል ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆነ። አሁን ግን “የመጀመሪያው ስለሆነ ጥፋቱን ይመን፣ ፕሮቤሽን ይግባ (ሳይታሰር በክትትል ሥር ይቆይ)፣ ሽንት ይመርመር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ይሥራ፤ ሲጨርስ ክሱ ይዘጋል” ተባልን። እናቴ ስለቷን ልታስገባ ተነስታለች። እንቀበል?

የታክሲው ልጅ፦
ይሄም ይጠየቃል እንዴ እህቴ? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተቀበሉ! ፕሮቤሽን እንደ ድሮው አያስፈራም። ከጁላይ 2021 ወዲህ ቀጠሮ ቢያልፈው ወይም ሽንቱ ላይ ቢገኝበት ለመጀመሪያው እስር የለም፤ ለሁለተኛው ቢበዛ 14 ቀን ነው።

አስተርጓሚዋ፦
እህቴ፣ እባክሽ ቆይ። ፍርድ ቤት አማርኛ አስተረጉማለሁ። እዚያ ምክር መስጠት ክልክል ስለሆነ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምቀመጠው፤ እዚህ ልናገር።

ዳኛው “ገብቶሃል? ያስገደደህ የለም?” ይላል። ልጁ እኔን እንኳ ሳያስጨርሰኝ “የስ፣ የስ”። እናት ከኋላ ትመርቃለች። ስቴቱ ፋይሉን በኋላ ይዘጋዋል፤ ኢሚግሬሽን ግን አይዘጋውም። በ1996ቱ የፌዴራል ሕግ፣ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ካለና ዳኛው ፕሮቤሽንም ቢሆን ከጣለበት፣ እንደተፈረደበት ይቆጠራል። ክሱ ቢሰረዝም! ለራሱ መጠቀሚያ አንዴ ብቻ እስከ 30 ግራም ማሪዋና ለተያዘ ሰው ከዲፖርት (ከአገር ከመባረር) የሚያድን ቀዳዳ አለ። ለፐርኮሴት የለም።

ካሊፎርኒያ ይህ ገብቷት ከ2018 ጀምሮ ሕጉን ቀይራለች። ተከሳሹ ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ ከ12 እስከ 18 ወር ፕሮግራሙን ይጨርስና ይሰናበታል። ያመነው ነገር ስለሌለ ኢሚግሬሽን የሚይዝበት የለም። ቨርጂኒያም እንዲያ ብታደርግ ማን ይጎዳል? ሁሉም ያንኑ ኮርስ ይወስዳል፣ ያንኑ ሽንት ይሰጣል። ሪፎርም ሪፎርም ሲባል ሁሌ ይቺ ትረሳለች፤ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

የታክሲው ልጅ፣ የ14 ቀኑ ነገር ተፈርዶበት ቅጣቱ ለታገደለት ሰው ነው። የእሷ ወንድም ግዴታውን ከጣሰ ዳኛው ያቆየውን ፍርድ ሊሰጥበት ይችላል።

ጠበቃው ስለ ዲፖርት የማማከር ግዴታ አለበት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኖታል። ክሱ ከዕፅ ጋር ወደማይገናኝ ቀላል ጥፋት ይወርድ እንደሆነ ይጠይቅላችሁ። ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋርም ይነጋገር። እስከዚያ ወንድምሽ ለሠርግም ቢሆን አገር ቤት እንዳይሄድ፤ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ጣጣ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦
ኧረ ጠበቃው ስለ ግሪን ካርዱ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዜጋ መስሎት ይሆናል፤ ወንድሜም አልነገረውም። ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት እደውላለሁ።

አስተርጓሚዋ፦
ሰኞን አትጠብቂ። ዛሬውኑ ኢሜይል አድርጊለት፣ ግሪን ካርድ መሆኑን ጻፊለት። ቀጠሮው እንዲራዘም ዳኛውን መጠየቅ ይችላል።