ክርክር፦ ለሐዋሳ ገበታ የዝዋይ ካበርኔ ወይስ የዝዋይ ሲራ?

ከሐይቁ ዳር፦
ጥያቄውን ላስቀምጥ። አንድ የሐዋሳ ምግብ ቤት ስኳር የሌለው የሀገር ውስጥ ቀይ ወይን አንድ ብቻ መርጦ በብርጭቆ ይሽጥ ቢባል፣ ካበርኔ ሶቪኞን ይያዝ ወይስ ሲራ? የማወራው ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ መጠጥ ድርጅት ዝዋይ (ባቱ) ካቋቋመው የወይን እርሻ «ሪፍት ቫሊ» በሚል ስም ስለሚወጡት ሁለት ወይኖች ነው። አሸዋማው መሬት አንድ ነው፤ 1,600 ሜትር ገደማ የሆነው ከፍታና ፀሐዩም አንድ ነው። ስለዚህ የምንቀምሰው ልዩነት ከሁሉ በላይ የወይን ፍሬው ዝርያ ነው።

እኔ ሲራ እላለሁ። የካበርኔ ፍሬ ትንሽ፣ ቆዳውም ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ ይበዛል። ታኒን ብዙ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው ድድንና ምላስን የሚያደርቀው ነገር ነው። ይህ ድርቀት በርበሬ በበዛበት ወጥ ላይ ሲደረብ ማቃጠሉም ድርቀቱም ይብሳል። ሲራም ታኒን አያጣም፤ ግን ፍሬያማነቱ ጎልቶ ስለሚወጣ ዶሮ ወጥን ይሸከማል።

የሥጋ ወዳጅ፦
እኅቴ፣ ሐዋሳ የሚበላው ዶሮ ወጥ ብቻ ነው እንዴ? ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ ቤቶቹን ተመልከቺ። ታኒን ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ ከጥሬ ሥጋ ጋር ሲገናኝ ምራቅን ትቶ ሥጋውን ስለሚይዝ ያ የምትፈሪው ድርቀት ይለዝባል። ክትፎ ላይ ያለው ቅቤ ደግሞ የበለጠ ያለሰልሰዋል። ካበርኔ በፈረንሳዩ የወይን አገር በቦርዶ ስሙን የተከለው ከሥጋ ጋር ነው። ለስላሳ ወይን ከቁርጥ ጋር ቢቀርብ ውኃ ይሆናል።

ከሐይቁ ዳር፦
ስለ ቁርጥ የተናገርከው ትክክል ነው። ግን ወንድሜ፣ ቁርጡ ያለ ሚጥሚጣና ያለ አዋዜ መቼ ይቀርባል?

የአዳማ ነዋሪ፦
ሁለታችሁም ሕዝቡን ረስታችኋል። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ቀይ ወይን የሚጠጣው ከኮካ ቀላቅሎ ነው። የሚፈለገው ጣፋጭ ነው፤ ከዚያው እርሻ የሚወጣው መካከለኛ ጣፋጩ አካሺያ ይበቃል።

ከሐይቁ ዳር፦
በጣፋጩ ላይ ክፉ አልናገርም፤ ሰው የወደደውን ይጠጣ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደረቁን፣ ማለትም ስኳር የሌለውን ወይን በትክክል ሳናቀርብ «ሕዝቡ አይወደውም» ብለን መፍረዳችን! ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በተጠጋ ቀን ከመደርደሪያ አንስተን እንቀዳለን፤ አፍንጫ የሚያገኘው አልኮሉን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይስማማዋል። እዚህ ሙቀት እስኪደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይና ከዚያ እንፍረድ።

ቀማሽ፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ሲራ የቁንዶ በርበሬ መዓዛ አለው ይባላል። እኔ ጥቁር እንጆሪ የመሰለ ነገር እንጂ በርበሬ አልሸተተኝም። ወሬ ነው?

ከሐይቁ ዳር፦
ወሬ አይደለም። ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ውስጥም ያለው እሱው ነው። በሲራ ወይን ውስጥ መገኘቱን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያሳወቁት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ፈጽሞ እንደማይሸተው አይተዋል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተው ሳይስማሙ ቢቀሩ ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። መጠኑ ደግሞ በቀዝቃዛ አካባቢ ይበዛል፤ የዝዋይ ፀሐይ ሊቀንሰው ይችላል። የካበርኔ ምልክት በበኩሉ ቃሪያ ነው፤ ፍሬው በደንብ ሳይበስል ከተለቀመ አፍንጫ ላይ ይጎላል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ይቀንሳል። ለማመሳከር ለሚፈልግ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀድታችሁ ከመቅመስ በፊት አሽትቱ።

ዓሣ አስጋሪ፦
የሐይቁን ዓሣ ማንም አላነሳም። ቆሮሶ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?

የሥጋ ወዳጅ፦
ከሁለቱም አይሄድም። በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት ከዓሣው ቅባት ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ መጥፎ ጣዕም ይተዋል። ለዓሣ ነጩን ሻርዶኔ ጠይቅ። በዚህ እኔና እኅቴ አንጣላም። በካበርኔ ግን አልለቅም፤ ቁርጥና ክትፎ የሚሸጥ ቤት ሲራ መያዙ የገበታውን ጉልበት መግደል ነው።

ከሐይቁ ዳር፦
ሥጋ ብቻ የሚሸጥ ቤት ካበርኔ ይያዝ፤ ይህን እቀበላለሁ። ጥያቄዬ ግን በብርጭቆ ስለሚሸጥ ምግብ ቤት ነው። የተከፈተ ጠርሙስ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መዓዛው ይደክማል፤ ስለዚህ በየዕለቱ የሚያልቅ መሆን አለበት። ማክሰኞ ምሳ ላይ ሽሮ፣ ቀይ ወጥ እና ጥብስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ካበርኔ የሚያገለግለው ጥብስ ያዘዘውን ሰው ብቻ ነው። ሲራው ከሦስቱም ጋር ይጠጣል፤ ጠርሙሱም ሳይደክም ያልቃል።