ደሴ የምትነሳ፣ ኮምቦልቻ የማትነሳ ቮልስ

የአባቴ_ቮልስ

ሰላም ጀመዓ። ሳልጨርስ «ባትሪ ነው» እንዳትሉኝ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ገና አምስት ወሩ።

መኪናዋ የእ.ኤ.አ. 1972 ቮልስ ናት፣ 1300። የአባቴ ነበረች፣ አሁን የኔ ናት። ደሴ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ካቻቢቴ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ቁልፍ ስጠመዝዝ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፅ የለም። አንዳንዴ አንድ ጊዜ «ቻክ» ትልና ዝም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ገና ቁልፉን ሳልጨርሰው ትነሳለች። ይሄ ነው የሚያናድደው። ሙሉ በሙሉ ብትበላሽ ይሻለኝ ነበር።

ችግሩን ቶሎ ያላወቅኩት ደሴ ስለምኖር ነው። ቤቴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ ከበሬ ጀምሮ ቁልቁለት። አባቴ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ ነበር የሚያቆማት። እኔም እንደዚያው። ጠዋት እምቢ ካለች የእጅ ፍሬኑን እለቃለሁ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ ትንሽ ስትንሸራተት ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። ጎረቤት እንኳ ሳያውቅ ትነሳለች።

ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ነው። እህቴ እዚያ ናት፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ እወርዳለሁ። ሐረጎን ተጠማዝዤ ወርጄ፣ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ዝም። የባጃጅ ልጆች ይገፉልኛል። የሚገፋ ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ካንዴላ፣ አንዱ ቤንዚን፣ አንዱማ «እትዬ፣ ለምን አይሸጧትም?» አለኝ።

እስካሁን የተደረገላት፦ ባትሪ ተቀየረ። ከዚያ አንድ ጋራዥ ሞተሪኖውን፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን፣ አውርዶ ካርቦን ለወጠ። ሁለት ሳምንት እንደ ሰዓት ሠራች። ከዚያ ያው። ተመልሼ ስሄድ «አሁን ትነሳለች እኮ፣ ምኑን እንሥራልሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እዚያ በር ላይ ሁልጊዜ ትነሳለች።

ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። ከመስከረም ወዲህ 11 ጊዜ እምቢ ብላለች። 7ቱ ሞተሩ ግሎ፣ ከጠፋ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ነው። 3ቱ ደሴ ላይ ጉም የወረደበት ጠዋት። አንዷ ቀን ግን አትገባኝም። ደረቅ ቀን ነበር፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ።

የምታውቁ ንገሩኝ።

የሐይቅ_ልጅ

እህቴ ይሄ ቤንዚን ነው። ሲግል በቱቦው ውስጥ ይተንና ፖምፓው አየር ይስባል። የአጎቴ ፔጆ 404 ወደ ባቲ ስንወርድ ሁሌ እንደዚህ ታደርገን ነበር። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ጣል አድርጊና ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ካልሆነ ደግሞ ሥሯ ገብተሽ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙንና ቀጭኑን ብሎን በካቻቢቴ አገናኚው። ወዲያው ነው የሚነሳ።

አሮጌው_ኤሌትራውቶ

የሐይቁ ልጅ፣ አብሽር፣ ያልከው በሽታ አለ። የሌላ ሰው በሽታ ነው እንጂ። ቤንዚን የሚወቀሰው ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ሲል ነው። እሷ ሞተሪኖው ራሱ አልዞረም ነው የምትል። እነዚህን ሁለቱን ያልለየ ሰው ካንዴላ ሲፈታ ይውላል።

ካቻቢቴውንም ተወው። ማርሽ ውስጥ ሆና ሥሯ ተኝተሽ ብታገናኚው በላይሽ ላይ ነው የምትሄድ። አይቻለሁና ነው የምልሽ።

አሁን ልጄ፣ አንድ ጥያቄ። እምቢ ባለች ጊዜ የፊት መብራቱን አብርተሽ ቁልፉን ስትጠመዝዢ መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ እንዳለ ይቆያል?

የአባቴ_ቮልስ

እንዳለ ነው ጋሼ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀይ መብራትም ፍም መስሎ ይቆያል።

አሮጌው_ኤሌትራውቶ

በይ ስሚኝ። መብራቱ ድርግም ቢል ኖሮ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ታንቋል እል ነበር። እንዳለ ከቆየ ጉልበቱ አለ፤ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

የቮልስ ጠባይ ይሄ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ሞተሪኖውም እዚያው ከኋላ ማርሹ ጎን። ጎረቤታሞች ናቸው። ወፍራሙ ካቦ አጭር ነው፣ ብዙም አያስቸግርም። «ዙር» የሚለውን ትእዛዝ የሚያመጣው ቀጭኑ ሽቦ ግን ሌላ መንገድ አለው። ኤሌክትሪኩ ከኋላ ተነስቶ እስከ ፊት ይሄዳል፣ መብራት ማብሪያው ጋ ደርሶ ወደ ቁልፉ ያልፋል፣ ከቁልፉ ደግሞ ተመልሶ እስከ ኋላ። ከኮምቦልቻ ባቲ ለመሄድ በደሴ እንደመዞር ነው። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሃምሳ ዓመት የሞላው መገጣጠሚያ ደግሞ ትንሽ አይበቃውም።

ስትግል ለምን ይብሳል ካልሽ፣ መዳብ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክ ማሳለፉ ይከብደዋል። በየ10 ዲግሪው 4 በመቶ ገደማ ነው፤ የፊዚክሱን አስተማሪ ጠይቂው። ሞተሪኖው የጭስ ማውጫው ሙቀት ያገኘዋል። 50 ዲግሪ ከጨመረ ትእዛዙን የሚቀበለው የመዳብ ጥቅልል 20 በመቶ ከብዶታል። ሲቀዘቅዝ በ9 ቮልት የሚስበው፣ ሲግል በዚያው 9 እምቢ ይላል።

ቴስተር፣ ቮልት መለኪያውን፣ ያዢ። ደህና ስትሆን አትለኪ፣ ምንም አታገኚም። እምቢ ባለችበት ቅጽበት ነው። ማርሽ ነፃ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ። ሌላ ሰው ቁልፉን ጠምዝዞ ይያዝልሽ። ሦስት ቦታ ለኪ፦ ባትሪው ላይ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ቀጭኑ ሽቦ ጫፍ፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው ገላ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ባትሪው ላይ ክዳን አለ? ከሌለ ጎማ ቢጤ አልብሽው። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ራስ ይነካና እሳት ያስነሳል። እንደዚህ የነደደ ቮልስ አለ።

ወሎዬ_በአዲስ_አበባ

የጋሼን ቃል ሳልሽር፣ የማርሹን ሳጥን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘውን የተጎነጎነ ካቦ እዩት። ከፊት ለፊቱ ነው፣ ጭቃ የሚመታው ቦታ። የኔዋ በሱ ነበር የምታለቅሰው። እሱ ሲበጠስም መብራቱ አይደበዝዝም።

አሮጌው_ኤሌትራውቶ

ልክ ነህ። ሦስተኛውን ልኬት የሰጠኋት ለሱ ነው። እዚያ ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበች ያንተ ካቦ ነው። ሞተሪኖውን ያወረዱት ሰዎችስ በማርሹ ሳጥን በኩል ያለውን ቡሽ ለውጠውታል? የዚህ ሞተሪኖ ዘንግ ጫፉን የሚያሳርፈው እዚያ ነው። ሲበላ ይንገዋለላል። ለጊዜው ግን ከሱ አንጀምርም።

የአባቴ_ቮልስ

ተሳካ። ማለቴ እምቢ አለች።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እህቴ በር ላይ አጠፋኋት። ቡናው ተፈላ፣ 20 ደቂቃ ቆየሁ። ቁልፍ፤ ዝም። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እህቴ ቁልፉን ያዘች፣ እኔ አሮጌ ጋቢ አንጥፌ ሥሯ ገባሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የባጃጆቹ ልጆች ሊገፉ ሲመጡ «ማንም እንዳይነካት!» ብዬ ጮህኩ።

ቁልፉ ተጠምዝዞ፦ ባትሪው 12.3። ቀጭኑ ሽቦ 7.9። ሞተሪኖው ገላ 0.1።

አሮጌው_ኤሌትራውቶ

አበጀሽ! 0.1 ስለሆነ የአዲስ አበባው ካቦ ነፃ ነው። ከ4 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። አሁን መንገዱን ለሁለት ክፈይው። ከቁልፉ በሚወጣው ሽቦ ላይ ለኪ። እዚያም ዝቅ ካለ ሌባው ከቁልፉ ወዲህ ነው። ደህና ከሆነ ከቁልፉ ወዲያ ፈልጊ።

የአባቴ_ቮልስ

ከቁልፉ ሲወጣ 11.8። ስለዚህ ከቁልፉ እስከ ሞተሪኖው።

ወንበሩን አወጣሁ፣ ምንጣፉን ገለጥኩ። ሽቦው በግራ በኩል መጥቶ ከኋላ ወንበር ሥር ወደ መሐል ይታጠፋል። እዚያ ጋ እብጠት አለው። በፕላስተር ነው የተጠቀለለው። በኤሌክትሪክ ቴፕ እንዳይመስላችሁ፤ የቁስል ፕላስተር፣ ነጩ፣ ቡኒ ሆኖ ደርቋል።

ይሄኔ ሳቄ መጣ። አባቴ መነጽሩን በፕላስተር ነበር የሚጠግን። የሬዲዮኑን አንቴና በፕላስተር፣ የጃንጥላውን እጀታ በፕላስተር። የማንም ጋራዥ ሥራ አይደለም፣ የሱ ነው።

ፈታሁት። ሁለት የተጠመዘዙ የሽቦ ጫፎች፣ አረንጓዴ ዱቄት የለበሱ። ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ፤ መዳብ እርጥበትና አየር ሲያገኘው ነው። ስነካው ግማሹ ክር ተሰበረ። ጨርቁ ጉሙን ይመጥ ስለነበር ነው መሰለኝ ጠዋት ጠዋት የምታስቸግረኝ። ጋራዡ ሞተሪኖውን ሲያወርድ ሽቦውን ሳብ አድርጎት ነበር መሰለኝ፤ ለሁለት ሳምንት የሠራችው ለዚያ ነው።

እስኪጠራ ድረስ ቆረጥኩት። አንድ ልጅ አዲስ ሽቦ ቀጥሎ በየደልኝ፣ በፕላስቲክ ቱቦም አለበሰው። እሑድ ኮምቦልቻ ላይ አጋልኳት፤ ስድስት ጊዜ አጥፍቼ ስድስት ጊዜ ተነሳች። ቁልፉን ሰው አስይዤ ቀጭኑን ሽቦ ለካሁ፣ ከባትሪው ብዙም አይርቅም። ለእህቴ ሰፈር ትንሽ ደብሯቸዋል፣ ትርኢቱ ቀረባቸው።

ወሎዬ_በአዲስ_አበባ

እንኳን ደስ ያለሽ። ሪሌም (ቁልፉ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያዘው ማብሪያ) ጨምሪበት፣ ቁልፉ ያርፋል።

አሮጌው_ኤሌትራውቶ

ሪሌ ክፉ አይደለም። ቀድማ ብትገጥመው ግን እንደ ደሴ ቁልቁለት ነበር የሚሆንባት፤ ትነሳለች፣ በሽታው አይታይም። አሁን ሽቦው ስለዳነ ከፈለግሽ ግጠሚ። ቁልፉም አርጅቷልና።

ያቺ የማትገባሽ ቀንስ? ደረቋና ቀዝቃዛዋ?

የአባቴ_ቮልስ

ጋሼ፣ ትላንት ማታ ደብተሩን ይዤ ሳስብ መጣልኝ። ያን ቀን ወፍጮ ቤት በር ላይ ነበርኩ። የኋላ ወንበር ላይ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኜ ነበር፣ ልክ ከፕላስተሩ በላይ። ደብተሬ ላይ ሙቀት አለ፣ ሰዓት አለ፣ ጉም አለ፤ «ጭነት» የሚል ዓምድ ግን አልነበረኝም።

የሐይቅ_ልጅ

ጤፉስ እንዴት ቤት ገባ?

የአባቴ_ቮልስ

በባጃጅ።