ለጽዋ ማኅበር ቤትን ማሳመር አገልግሎት ነው ወይስ ከንቱ ውዳሴ?

ጠያቂ፦ ተረኛዋ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአራት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በየወሩ በ21 በእመቤታችን ስም ጽዋ የምንጠጣ 14 ማኅበርተኞች ስንሆን ባለፈው ወር ተራው የእኔ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ከድግሱ ይልቅ ደስ የሚለኝ ዝግጅቱ ነው። በዋዜማው ልጆቼ ከተኙ በኋላ የጽዋውን ልብስ በእጄ አጥቤ፣ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው እተኩሰዋለሁ፤ ከዚያም ጥለቱ ዙሪያውን እኩል እንዲወርድ ሦስት አራት ጊዜ እያነሣሁ አለብሰዋለሁ። ከቄጤማው የደረቀውንና ሥሩ ጭቃ የያዘውን ለቅሜ አወጣና ሰው ሲረግጠው መዓዛው እንዲነሣ ጥቂት ጠጅ ሣርና አሪቲ እቀላቅልበታለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ከመንገድ ዳር አንድ እስር ነጭ ጽጌረዳ ገዝቼ በሥዕለ ማርያም ፊት አስቀምጬ ነበር። እጄ ይህን ሲሠራ አፌ ጸሎቴን ይደግማል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ እየባከነ የማጣውን የልብ ዕረፍት የማገኘው በዚያች ሰዓት ነው።

ጽዋው ከተጠጣ በኋላ ግን በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ አንዲት እናት፣ «ለአበባና ለሣር የወጣው ለአንድ ነዳይ ዳቦ ይሆን ነበር» አሉኝ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ነገሩ ከልቤ አልወጣ ያለኝም ለዚህ ይመስለኛል። ሰው «እንዴት ያምራል» ሲለኝ ደስ እንደሚለኝ አልክድም። ታዲያ ይህ ሥራ እግዚአብሔር የሚቀበለው አገልግሎት ነው ወይስ ሃይማኖት የለበሰ ከንቱ ውዳሴ? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ የቀድሞው የቆሎ ተማሪ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ አዲስ አይደለም፤ በቢታንያም ተነሥቶ ነበር። ማርያም እንተ ዕፍረት ያፈሰሰችው የናርዶስ ሽቱ ዋጋ 300 ዲናር ተብሎ ተገምቷል፤ በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ስለ ነበር የአንድ ዓመት ያህል የላብ ዋጋ በአንድ ምሽት ፈሰሰ ማለት ነው። «ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ያለው በዮሐንስ ወንጌል ይሁዳ ቢሆንም፣ በማቴዎስ ወንጌል ያንኑ ያጉረመረሙት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ስለዚህ እኚያን እናት ከይሁዳ ጋር እንዳይደምሯቸው አደራ፤ ከሐዋርያት ጋር ቢደምሯቸው ይሻላል። ጌታም ድሆችን አልዘነጋም፤ የሴቲቱን ሥራ ግን መልካም ሥራ ብሎ ጠራው፣ የተቻላትን እንዳደረገችም መሰከረላት።

ከዚህም በፊት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 የአሮን ልብስ የታዘዘው ለክብርና ለጌጥ ተብሎ ነው። ለብርድ ቢሆንማ የበግ ለምድ በቂ ነበር። በምዕራፍ 31 ደግሞ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ወርቅ እንዲያነጥር፣ ዕንቍ እንዲቀርጽና እንጨት እንዲጠርብ ነው። የኛ ሰው የቀሚሱን ጥለትም የልብን ማስተዋልም ጥበብ ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ በከንቱ አይመስለኝም። አራዳ ጊዮርጊስ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕሎች ቀና ብሎ የሚያይ ሰውም ቀለሙ ባክኗል ብሎ ሲያዝን ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ከንቱ ውዳሴው፣ ሰው ሲያመሰግንዎ ደስ ማለትዎ ተፈጥሮ ነው። ይልቅስ ማንም ሳያይዎ በሌሊት ያንን ጥለት ሦስት ጊዜ ሲያስተካክሉ ለማን ብለው እንደ ነበር ራስዎን ይጠይቁ።

መልስ 2፦ እኅተ ማኅበር

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን ጽዋው ነገ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ማንም አላነሣም። እኛም ፒያሳ ሳለን እንዲህ ያለ ማኅበር ነበረን። ነገሩ በአበባ ተጀመረ፤ ቀጣዩዋ ተረኛ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች፣ ከእርሷ ቀጥሎ የነበረችው ደግሞ የዕቁብ ገንዘቧን አውጥታ አንድ ዓይነት ስኒና ብርጭቆ በሙሉ ገዛች። በጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ አንዲት ማኅበርተኛችን ተራዋ ሁለት ወር ሲቀረው መምጣት አቆመች። ታመመች ብለን ልንጠይቃት ስንሄድ ደኅና ነበረች፤ ቤቷ አንድ ክፍል ነው፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፣ «እናንተን የት አስቀምጣችኋለሁ?» አለችን። እኔ ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ መጋረጃ ሰቃይዋ እኔ ነበርኩና።

ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ መሪ ከሙሴያችን ጋር ተመካክረን ከድፎ ዳቦ፣ ከጠላና ከንፍሮ በላይ እንዳይቀርብ ወሰንን፤ ለጌጥም ከቄጤማ ሌላ አልፈቀድንም። ሕጉ ጠንከር ያለ ነው የሚሉ ቢኖሩም እስካሁን አልተጸጸትኩበትም። እኅቴ፣ አበባዎን አልነቅፍም፤ ከእርስዎ ቀጥሎ ያለችው ተረኛ ግን ያን ጽጌረዳ ስታይ ፊቷ ምን ይመስል እንደ ነበር አስተውለዋልን?

መልስ 3፦ የካዛንቺሱ

እኔ ስለ ማኅበር የምለው ብዙ የለኝም። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ። በሕይወት ሳለች እሑድ ከቅዳሴ መልስ ረከቦቱን ዘርግታ፣ ሣሩን ጎዝጉዛ፣ ዕጣኑን አጭሳ ቡና ታፈላ ነበር፤ እኔ ደግሞ «አቦሉን ቶሎ ስጪኝ እንጂ ይህ ሁሉ ሥርዓት ለምን አስፈለገ?» እያልኩ አጣድፋት ነበር። እርሷም ሳቅ ብላ እጇ ሳይፈጥን ስኒዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ ታደርቃለች።

ዛሬ እሑድ እሑድ የማፈላው እኔ ነኝ። ከአራተኛ ፎቅ ላይ ከሰል ማያያዝ ጎረቤት ስለሚያስቀይም ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ እጥዳለሁ። ቄጤማውንም ሴራሚኩ ላይ ጎዝጉዤ አንድ ጊዜ ወገቤ ሊቀነጠስ ስለ ነበር አሁን በጆግ ውኃ ውስጥ አቆመዋለሁ። (ባለቤቴ ብታይ ምን ትል እንደ ነበር አላውቅም።) የምጠጣው ብቻዬን ቢሆንም ሁለት ስኒ አደርቃለሁ። ሁለተኛውን ስኒ ሳደርቅ ስለ ነፍሷ አስባለሁ፤ እኔ በቃል መጸለይ የማይሆንልኝ ሰው ስለ ሆንኩ ጸሎቴ ይህ ነው። ንስሐ አባቴም ተዉ አላሉኝም።

ጠያቂ፦ ተረኛዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅተ ማኅበር የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ቀጣዩዋ ተረኛችን ከግንፍሌ ወንዝ አጠገብ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ እናት ናቸው፤ «ለአንድ ነዳይ ዳቦ ይሆን ነበር» ያሉኝም እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን በጥያቄዬ ውስጥ ሳልጽፈው ቀርቼ ነበር። ስጽፍ ለምን እንደ ዘለልኩት አሁን ይገባኛል።

ትናንት ቤታቸው ሄጄ ነበር። ስለ አበባው አላነሣሁም፤ በዋዜማው መጥቼ የጽዋውን ልብስ ልተኩስልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ካውያዬ የከሰል ነው፣ ታውቂበታለሽ?» አሉኝ። እንደማላውቅበት ነገርኳቸው። «እንግዲያው በጊዜ ነይና አሳይሻለሁ፤ ስትመጪም ከዚያ አሪቲ ያዢልኝ፣ ሽታው ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ።