«ባሕርይ»፣ «ኮከብ»፣ «ጠባይ»፦ ለ«ታይፕሽ ምንድነው?» የቱ ይሆናል?

ቀለሜዋ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። ሰሞኑን መሥሪያ ቤት ሁሉም ያንን ባለ አራት ፊደል የፐርሰናሊቲ ቴስት ሞልቶ «አንቺ ታይፕሽ ምንድነው» ሲባባል ነው የሚውለው፣ አንዱ ልጅ ደግሞ «ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው፣ እኛ ጋ ድሮም አራቱ ባሕርያት የሚባል አለ፣ የኔ እሳት ነው» ብሎ አረፈው። «ኮከቡ እሳት ነው» ሲባልማ እሰማለሁ፣ ግን ባሕርይና ኮከብ አንድ ናቸው እንዴ? «እሳት የላሰ» የሚባለውስ?

የዲማ ልጅ፦
አይደሉም እህቴ፣ ልጁ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የደባለቀው። «ኮከቡ እሳት ነው» የአውደ ነገሥት፣ የኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ ነገር ነው። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በፊደል ወደ ቁጥር ለውጠው ይደምሩና በ12 ይገድፉታል፣ የተረፈው ኮከቡን ይነግራል፣ 1 ከሆነ ሐመል፣ 2 ሠውር እያለ እስከ ሑት። ስሞቹን ልብ ብለሽ ካየሻቸው ከዓረብኛ የመጡ ናቸው፣ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ። አሥራ ሁለቱ ደግሞ ለአራት ይከፈላሉ፣ ሐመል አሰድ ቀውስ እሳት ናቸው፣ ሸርጣን አቅራብ ሑት ውኃ፣ ሌሎቹም እንዲሁ መሬትና ነፋስ። ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ተቆጥሮላቸው እሳትና ውኃ ሲወጣ ሽማግሌው ራሱን ይነቀንቃል፣ «ኮከባቸው አልገጠመም» የምንለው እሱን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ይሄን ቆጠራ ከጥንቆላ ነው የምትደምረው።

ባሕርይ ሌላ ትምህርት ነው። ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ ይባላል፣ አራቱ የሥጋ (መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ እሳት)፣ ሦስቱ የነፍስ (ለባዊነት ማለትም ማሰብ፣ ነባቢነት ማለትም መናገር፣ ሕያውነት)። እና እዚህ ጋ አራቱም ያንቺም የኔም ናቸው፣ ማንም «የኔ እሳት ነው» ብሎ መርጦ አይወስድም፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙትን አስማምቶ ፈጠረን ነው ትምህርቱ። የመሥሪያ ቤትሽ ልጅ እሳት ብቻ ከሆነ ሦስቱ ጎድለውበታል ማለት ነው ሃሃ።

«እሳት የላሰ» ከኮከብ ጋር አያገናኝም፣ ቀልጣፋ ብልጥ ማለት ነው፣ ምስጋና ነው። «ኮከቡ እሳት ነው» ግን ቱግ የሚል ሰው ነው።

ጭራሮ፦
ባሕርይ በግዕዝ ዕንቁም ማለት ነው እኮ፣ ከባሕር የሚወጣው። ክብረ ነገሥት ላይ ከአዳም ጀምሮ በትውልድ ሲወርድ የመጣው ዕንቁ ራሱ ባሕርይ ነው የሚባለው።

ቡና ጠጡ፦
እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ የቸርች ልጆች ከአራት ፊደሉ ይልቅ ኢኒያግራም ነው የሚወዱት፣ ዘጠኝ ዓይነት ሰው አለው፣ «እኔ ዘጠኝ ቁጥር ነኝ» ምናምን ይባላል። ከበረሃ አባቶች ከነ ኤዋግሪዎስ የመጣ ጥንታዊ ነገር ነው ይላሉ። እውነት ከሆነ የኛ መነኮሳትም ቃል ሊኖራቸው ይገባል አይደል?

የዲማ ልጅ፦
ቃሉስ ሞልቷል፣ ዝምድናው ላይ ግን ረጋ በል ወንድሜ። የኢኒያግራሙን ምልክት (ሥዕሉን) ያስተዋወቀው ጉርጂየፍ የሚባል መንፈሳዊ አስተማሪ ነው፣ እሱም ዘጠኝ ዓይነት ሰው አላለም። ዘጠኙን ዓይነት ያወጣው ኦስካር ኢቻዞ ነው፣ በፈረንጅ 1970 ገደማ ቺሊ አሪካ ከተማ ያስተምር ነበር፣ ከሱ የተማረው ሐኪም ክላውዲዮ ናራንሆ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው፣ ከዚያ ነው ወደ ቸርች የገባው። የኢቻዞ ዝርዝር ሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች ላይ ፍርሃትና ማታለል የተጨመሩበት ነው፣ ስለዚህ ሥሩ ከገዳም ደርሷል ቢባል ውሸት አይሆንም፣ ኤዋግሪዎስ ስምንት ብሎ የቆጠረውን ነው በኋላ የሮሙ ፓፓ ጎርጎርዮስ ወደ ሰባት ያመጣው።

ግን ኤዋግሪዎስ (በፈረንጅ 399 ግብፅ በረሃ ነው ያረፈው) የቆጠረው የሰው ዓይነት ሳይሆን የሚመጣብህን ሐሳብ ነው፣ ስስት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሐኬት፣ ውዳሴ ከንቱ፣ ትዕቢት። ስምንቱም በሁሉም ሰው ደጅ ይመጣሉ። ሐኬትን እንዴት እንደሚገልጸው ብታይ ትስቃለህ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ነው የሚመጣው ይላል፣ ፀሐይዋ የቆመች ይመስላል፣ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆንበታል፣ መነኩሴው ከበዓቱ ብቅ እያለ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ቀረው ብሎ ፀሐይዋን ያያል። ዘጠኝ ሰዓት የምግብ ሰዓታቸው ነው! ፈረንጆቹ ይሄን ሲያነቡ የግርጌ ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል፣ ዐቢይ ጾም ጾሞ የሚያውቅ ሐበሻ ግን ሰዓቱንም ስሜቱንም ሳያሰላ ያውቀዋል። ስሙንም መዝሙር 90 ላይ ታገኘዋለህ፣ «ጋኔነ ቀትር»። ያ ያንተ ጓደኛ «ዘጠኝ ቁጥር ነኝ» ሲል ኢኒያግራሙ የሰጠው ይሄንኑ ሐኬትን ነው። አማርኛው ግን «ታከተኝ፣ ሰለቸኝ፣ ደበረኝ» ነው የሚለው፣ መጥቶ የሚይዝ ነገር ነው፣ ነገ ይለቃል። ነኝ ካልክ ማን ያስለቅቅሃል።

ቡና ጠጡ፦
እሺ እሱ ገብቶኛል፣ ግን ልክ አልመሰለኝም፣ እኛም እኮ «ሐኬተኛ ነው» እንላለን፣ ወንጌሉም «ገብር ሐካይ»፣ ሰነፍ አገልጋይ ይለዋል።

የዲማ ልጅ፦
እሱስ ልክ ነህ። ግን ስድብ ነው፣ ማንም ደረቱን ነፍቶ «እኔ ሐካይ ነኝ» ብሎ ፕሮፋይሉ ላይ አይጽፍም።

ቀለሜዋ፦
አመሰግናለሁ በጣም። ስለዚህ ለታይፕ «ጠባይ» ልበል? ባሕርይ ካልኩ አባቶች ይቆጡኛል፣ አመል ካልኩ «አመልህን በጉያ» ይመጣል።

ጭራሮ፦
ጠባይ ይሁን። ለኢንትሮቨርትስ ምን ትያለሽ? ጭምት?

ቀለሜዋ፦
ጭምት ሙገሳ ነው፣ ደርበብ ያለች ለማለት። የሥነ ልቦና ሊቁ ዩንግ በፈረንጅ 1921 መጽሐፉ ያለው ግን ትኩረቱ ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ሰው ነው፣ ጨዋ ይሁን አይሁን ጉዳዩ አይደለም። ቁጥብ?

ጭራሮ፦
ቁጥብ ሲባል ለኔ ብር የማያወጣ ሰው ነው የሚመጣብኝ። ዝምተኛም አይሆንም፣ እኔ ኢንትሮቨርት ነኝ፣ ወሬ ከጀመርኩ ግን ማን ያስቆመኛል።