የዳርጂሊንግ ነዋሪዎች ኔፓልኛ ተናጋሪ የሆኑት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አንባቢያን፣ በሻይ ፓኮ ላይ ስሙን የምናየው የዳርጂሊንግ አውራጃ በህንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት አካል ሆኖ ሳለ፣ የተራራው ሕዝብ በአብዛኛው ቤንጋልኛ ሳይሆን ኔፓልኛ የሚናገረው ስለምን ነው?

መልስ፦
ቀደምት ነዋሪዎቹ ሌፕቻዎች ሲሆኑ ተራራው የሲኪም ንጉሥ ይዞታ ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1835 ለእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰጠው፤ ኩባንያውም የቆላው ሙቀት ያደከማቸው ሹማምንቱ የሚያገግሙበት ደጋ አደረገው። ከ1850ዎቹ ወዲህ የሻይ እርሻ ሲስፋፋ፣ ጫካ የሚመነጥርና ቅጠል የሚለቅም ጉልበት በማስፈለጉ፣ ከምሥራቅ ኔፓል ራይ፣ ታማንግና ሌሎችም ሕዝቦች በብዛት ገቡ። ዛሬም ለቃሚዎቹ ሴቶች ቅርጫታቸውን በግንባራቸው በሚያልፍ ማንገቻ አዝለው፣ ተዳፋቱ ላይ ቆመው፣ ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ እየቀነጠሱ ይውላሉ።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ ላይ ልጨምር፤ ቋንቋው የፖለቲካም ጉዳይ ነው። ጎርካ የሚባሉት ኔፓልኛ ተናጋሪዎቹ «ጎርካላንድ» የተባለ የራሳቸው ግዛት በህንድ ውስጥ እንዲቋቋም የጠየቁበት የ1980ዎቹ እንቅስቃሴ ደም ካፋሰሰ በኋላ፣ በ1988 የጎርካ ኮረብታ ምክር ቤት ተመሠረተ፤ በ1992ም ኔፓልኛ በህንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ብዙዎቹ «ኔፓላዊ» ከመባል «ጎርካ» መባልን የሚመርጡት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በተወለዱበት አገር እንደ ባዕድ መታየቱ ስለሚቆረቁራቸው ነው።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሌፕቻዎቹን ጨርሶ አላውቃቸውም ነበር።